ሱፍና ሰሊጥ እያሉን የጠርሙስ ማዮኔዝ ለምን?

ጾም በገባ ቁጥር በብዙ የከተማ ቤቶችና በሆቴል ማዕዶች ላይ አንድ እምነት አብሮ ይገባል፤ ወፍራም፣ ነጭና ለስላሳ የሰላጣ ማጣፈጫ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ቤት ውስጥ አይሠራም የሚል እምነት። በዚህ እምነት መሠረት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሰላጣውን በሎሚና በዘይት ብቻ መብላት፣ ወይ «የጾም» ተብሎ የሚሸጥ የውጭ አገር ማዮኔዝ በውድ ዋጋ መግዛት። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቱ ከኪስም ያልፋል፤ የጾም ማዕዳችንን በፍስክ ማዕድ እየለካን ጎደሎ አድርገን እንድናየው አስለምዶናል።

በመጀመሪያ ውፍረቱና ንጣቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ትክክለኛው ማዮኔዝ ውስጥ ወተት የለም። ዘይት እጅግ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ በጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ውስጥ ይበተናል፤ ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይገናኙ የሚከላከል ነገር ካለ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ብርሃኑም በጠብታዎቹ ላይ ስለሚበተን ይነጣል። በማዮኔዝ ውስጥ ይህን የሚሠራው የእንቁላል አስኳል ነው፤ በውስጡ ሌሲቲንና ፕሮቲን አለ። ግን አስኳል ለዚህ ሥራ ብቸኛ አይደለም። ዘይትና ፕሮቲን አብሮ የያዘ ፍሬ በደንብ ተፈጭቶ በውሃ ሲመታ ያንኑ ያደርጋል። ሱፍ እንዲህ ነው፤ ሰሊጥና ለውዝም እንዲሁ። ሰናፍጭም ከቅባቱና ከፕሮቲኑ ሌላ ዘይትና ውሃን አንድ ላይ የሚያቆይ ሙጫ መሰል ነገር አለው።

ይህን እናቶቻችን ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ያውቁታል። ሱፉ ለብ ለብ ተደርጎ ይወቀጣል፣ ገለባው ይለያል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጣራል፤ የሚወጣው ነጭ፣ ቅባት ያለው ውሃ ቃሪያና ሽንኩርት ገብቶበት የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። ስልጆ ደግሞ ከዚያ ይራቀቃል። የሱፉ ውሃ ከባቄላ ዱቄት ጋር እስኪወፍር ይበስላል፣ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ለቀናት ተቀምጦ ይቦካል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙ መዓዛውን ይሰጡታል። በሰሜኑ ክፍል የባቄላ ዱቄት ከአብሽ ጋር በስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እስኪነጣ እየተመታ እልበት ይሆናል። ተልባ ተቆልቶና ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ራሱን ያወፍራል። እነዚህ ሁሉ ወተት የሌለባቸው፣ ወፍራምና ለስላሳ ምግቦች ናቸው። ከሰላጣ ቅጠል ጋር አልተዋወቁም እንጂ የሰላጣ ማጣፈጫ ለመሆን የሚጎድላቸው ነገር የለም። በእንጀራ ላይ የምናከብራቸውን በጥቅል ጎመን ላይ ለማፍሰስ የሚከለክለን ልማድ ብቻ ነው።

የሰሊጡ ጉዳይ ከሁሉም ያንገበግባል። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው። ወደ እስራኤል የሚሄደው ተፈጭቶ ጣሂና ይሆናል፤ የዚያ አገር አምራቾችም ሰሊጣቸው ከኢትዮጵያ መምጣቱን የጥራታቸው ምስክር አድርገው ያስተዋውቁታል። ጣሂና ማለት የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በውሃ ሲመታ ነጭ፣ ለስላሳ ማጣፈጫ ይወጣዋል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየዕለቱ ማዕዳቸው ላይ ያዩታል። እኛ ግን ፍሬውን በኩንታል ልከን፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራልንን ነገር ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ እንፈልጋለን።

የጠርሙሱስ ጉዳይ? ብዙዎቹ ያለ እንቁላል የተሠሩ የፋብሪካ ማጣፈጫዎች ውፍረታቸውን የሚያገኙት ከተሻሻለ ስታርችና ከዛንታን ጋም ነው፤ በዚያ ላይ ስኳርና መጠበቂያ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። እነዚህ መርዝ ናቸው አልልም። የምለው የከፈልነው ገንዘብ በአብዛኛው ለውሃ፣ ለርካሽ ዘይትና ለስታርች መሆኑን ነው። ለጿሚ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር አለ። «ወተት የለውም» ማለትና «የጾም ነው» ማለት አንድ አይደሉም፤ ተራ ማዮኔዝ ወተት ባይኖረውም እንቁላል አለው። በአሜሪካ ደግሞ «ነን ዴይሪ» (ወተት አልባ) ተብሎ የሚሸጥ ምርት ኬሲኔት የተባለ የወተት ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከወተት የተገኘ መሆኑ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ እንዲገለጽ ብቻ ነው። በጠርሙሱ ፊት ላይ ያለውን ትልቅ ጽሑፍ አምኖ የሚገዛ ጿሚ የሸሸውን ወተት መልሶ ሊበላ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ስኒ ነጭ ሰሊጥ በዝግታ እሳት ሽታው እስኪወጣ ብቻ ይታመስ፤ ከጠቆረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱን አውጥቶ ሊጥ እስኪመስል ይፈጭ። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ጨው ሲገባበት ይጠጥራል፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አልተበላሸም። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየተጨመረ ሲመታ ይፈታል፣ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ለጥቅል ጎመንና ለካሮት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ለቀይ ሥርና ለድንች ደግሞ ሱፍና ሰናፍጭ ይስማማሉ። በአንድ ብርጭቆ ወፍራም የሱፍ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦ፣ ሳይጓጉል እየተማሰለ በደንብ ይብሰል። የተፈጨው ሰናፍጭ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ኃይሉ የሚወጣው ያኔ ነው፣ የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል። ሱፉ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጩ፣ ሎሚውና ጨው ይግቡበት፤ ዘይት በቀጭኑ እየፈሰሰ ይመታ። መጠበቂያ ስለሌለበት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት በሦስት ቀን ማለቅ አለበት። ውጭ አገር ሱፍ ያላገኘ ሰው የተላጠ የፈረንጅ ሱፍ ይጠቀም፤ ሥራው ያው ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አልንቀውም፤ ሱፍ መውቀጥ የስንት እናት ክንድ የዛለበት ሥራ ነው፣ ወደዚያ ድካም እንመለስ የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ግን ለአንድ ሳህን ሰላጣ የሚበቃው አንድ ስኒ ፍሬ ነው፤ ብሌንደር ባለበት ቤት የሰሊጡ ሥራ ሰላጣውን አጥቦ ከመክተፍ ብዙም አይበልጥም፣ ለሴት ብቻ የሚተውበትም ምክንያት የለም። ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጁልን ባልትና ቤቶችም የሰሊጥና የሱፍ ማጣፈጫ አዘጋጅተው ቢሸጡልን ደስ ብሎን እንገዛለን። ጠላቴ ጠርሙስ አይደለም፤ ከራሳችን እህል የሚሆን ነገር የለም የሚለው አስተሳሰብ ነው።

«ጾም መታቀብ ነው፤ ልስላሴና ጣዕም ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ስልጆንና እልበትን ያወረሱን ሰዎች ከእኛ የበረቱ ጿሚዎች ነበሩ። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ሲጾሙ ምግባቸው ጣዕም የለሽ እንዲሆን አልፈረዱም። የጾሙን ምግብ በራሱ ጣዕም አከበሩት እንጂ የፍስኩን አስመስለው አልሠሩትም። ከመታቀብ ጋር የሚጋጨው ሱፍ አይደለም፤ በጾም ቀን የፍስኩን መልክና ጣዕም እያስመሰሉ ምኞቱን ማቆየት ነው።

ስለዚህ የጾም ቡፌ የሚያዘጋጁ ሆቴሎችን የምጠይቀው ግልጽ ነው፤ ከሰላጣው ጎን የሰሊጥ፣ የሱፍና የሰናፍጭ ማጣፈጫ አስቀምጡ፤ ስማቸውንም «የጾም ማዮኔዝ» ሳይሆን ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭ ብላችሁ ጻፉ። የምግብ ዝግጅት የምታስተምሩም ወጣቶቹን ከአስኳሉ ማዮኔዝ እኩል ስልጆን አስተምሯቸው። በየቤታችን ያለን ደግሞ የሚቀጥለውን የጠርሙስ ዋጋ ለአንድ ኪሎ ሰሊጥ እናውለው።