ባል ባይጸጸትስ?

የተከታታይ ድራማ ሚስት ታሪኳ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እንጀራ ሸጣ፣ ዕቁብ ጥላ ባሏን አስተማረች። እሱ ሲያልፍለት መኪና ገዛ፣ የቢሮ ፀሐፊውን ወደደ። አማት ደግሞ «ድሮም ለልጄ አትመጥነውም ነበር» አለች። ሚስት ሻንጣዋን ይዛ በዝናብ ትወጣለች። ከብዙ ክፍል በኋላ ሀብታም ሆና፣ ፀጉሯን ተሠርታ ስትመለስ ባል ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ ተመልካችም «እሰይ!» ይላል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር ብዙ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ባህል ይበረዛል ብለው ተቃውመው ነበር። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይም ነበረበት፤ አይፈረድባቸውም። ዳሩ ግን የኢስታንቡሏና የአዲስ አበባዋ ድራማ ሚስቶች ከአለባበሳቸው በቀር እምብዛም አይለያዩም። የሁለቱም ዋጋ የሚታወቀው ባል ሲጸጸት ነው። ባል ባይጸጸት ኖሮ የደከመችበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

የሚስት ክብር በባል ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚከተል ለማየት እንጦጦ ማርያም ድረስ መውጣት ይበቃል። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተባሉ። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋንም አዲስ አበባ ያሏት እሳቸው ናቸው። የውጫሌን ውል አምርረው ተቃወሙ። መቀሌ ላይ የጣልያኖች ምሽግ ከውሃው እንዲቆረጥ ያደረገውም የእሳቸው ምክር ነው። እኚህ ሚስት በባላቸው አልተናቁም፤ እሺ ማለት የምኒልክ፣ እምቢ ማለት የጣይቱ እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል።

ምኒልክ አልጋ ሲይዙ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ታኅሣሥ 1906 ባላቸው ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ተላኩ፤ ዘውድ በጫኑበት ደብር አጠገብ ተቀመጡ። በ1910 ዓ.ም. ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን ሊያሳልፉ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም፤ የዚያኑ ዓመት የካቲት 4 ቀን ዐረፉ። ያን ሁሉ ሠርተው፣ የሥልጣናቸው ዋስትና የባላቸው ጤና ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያው ደብር ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወርደው መንገድ ዛሬም እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ይታያሉ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠሉ ከወርዳቸው በላይ ግራና ቀኝ ተንሰራፍቶ፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጠፍሮ፣ ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሳ ይወርዳሉ። መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ጠርዝ ይዘው ይቆማሉ እንጂ ቀና አይሉም፤ ቀና ካሉ ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላቸዋል። በዚህ እንጨት ዋጋ የልጅ ደብተር ይገዛል፣ የቤት ኪራይ ይሞላል። ድራማ ጸሐፊዎች እነዚህን ሴቶች ካሳዩም የሚያሳዩዋቸው እንዲታዘንላቸው ነው።

ሕጉ ግን ከድራማው ቀድሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጨምሮ ብዙዎች ከወተወቱ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ። በ1992ቱ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው ያፈሩት የጋራ ነው። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑን ማስረዳት ያለበት የግሌ ነው ባዩ ነው። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ፍቺ ሲመጣ በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላሉ። ማን ደመወዝ አመጣ፣ ማን ወጥ ሠራ ተብሎ ድርሻ አይመተርም፤ የባል ማልቀስም አያስፈልግም።

ታዲያ ያቺ የድራማ ሚስት ሻንጣ ብቻ ይዛ የምትወጣው ለምንድን ነው? ለዝናቡ ትዕይንት ካልሆነ በቀር ምክንያት የለውም። ልብ አንጠልጣይ ነገር ከተፈለገ የቤተሰብ ችሎት ሞልቶታል። ባል መኪናውን ቀድሞ በወንድሙ ስም አዙሮታል፤ ሚስት ሊብሬውን ታሳድዳለች። የባንኩ ሒሳብ ክሱ ከመከፈቱ በፊት ባዶ ሆኗል። የዕቁቡ ዳኛ ደብተሩን ይዞ ምስክርነት ሊቆም ቃል ገብቶ ነበር፤ በቀጠሮው ዋዜማ ግን ከባልየው ጋር ሲጨዋወት ታይቷል። አማትም ቢሆኑ ልጃቸው ከመክበሩ በፊት ማን ያበላቸው እንደነበር በመሐላ ይጠየቃሉ። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ተመልካች ያጣል ብሎ መሥጋት አይገባም።