ብድር በምድር፦ የጓሳ ዕጣ ፈንታ ምድጃ ላይ ነው

የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም። የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ወደላይ የሚወጣ ምድር ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ባና ተደርቦም ቢሆን ያለ እሳት አይነጋም። እሳቱ ደግሞ ከሁለት ቦታ ይመጣል፦ አንዱ ከአምባው የሚለቀም አስታና ቁጥቋጦ፣ ሌላው ኩበት።

ስለ ጓሳ ጥበቃ የሚደረግ ክርክር ሁሉ መጨረሻው ጓዳ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ጭላዳው፣ ከአምባው ስለሚነሡት ምንጮች ብዙ ይባላል። ስለ ምድጃው ግን እምብዛም አይነሣም። ከሁሉም በላይ የማይነሣው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ የተሻለውን ምድጃ፣ የፀሐይ መብራቱን፣ ብርድ የማያስገባውን ቤት ማን ይክፈልበት? እንዴትስ ይክፈል?

የመንዝ ሰው ጥበቃን ከማንም አልተማረም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሚተረከው፣ የአስቦና የጌራ ልጆች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ጠብቀዋል። አለቆቹን ሕዝቡ ይመርጣል፤ ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ለጣሪያ ክዳንና ለግጦሽ ይከፈታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቄሮ የቆመበትን የርስት መሠረት አፈረሰው። ሥርዓቱ ቢፈርስም ሐሳቡ አልሞተም፤ በየቀበሌው ኮሚቴ ተተካ። በኋላም የአማራ ክልል አምባውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው።

ዳሩ ግን ክልከላ ማገዶ አይሆንም። «አስታውን አትቁረጥ» የተባለ ቤተሰብ ወደ ኩበት ይዞራል። የነደደ ኩበት ደግሞ ወደ ገብሱ ማሳ አይመለስም። ማሳው ሲደኸይ ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ይገዛል፤ ካልሆነለት ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ ያርሳል። አምባው በአንድ በር ተጠብቆ በሌላው በር ይገባበታል ማለት ነው። ጭሱ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ጭሱን አብዝተው የሚስቡት እናቶችና ከእነርሱ ሥር የማይጠፉ ሕፃናት ናቸው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይጠይቅም። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርት» የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ከታወቀ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በአገሬው ሰው እጅ ይሠራል፤ ውጭ ምንዛሪ አይጠብቅም። እንቅፋቱ ክፍያው ነው። ጥቅሙ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፤ ዋጋው ግን ባንድ ቀን ይጠየቃል። ገበሬ ደግሞ ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ እህል ሲወቃ ወይም በግ ሲሸጥ ነው።

ይህ ችግር የመንዝ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ መላ ሞክራ ነበር። ለቤቱ የፀሐይ ኃይል ማስገባት የፈለገ ነዋሪ ገንዘቡን ከከተማው ይወስዳል፤ ዕዳውን በየዓመቱ ከቤት ግብሩ ጋር ይከፍላል። ዕዳው የሰውየው ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ ዕዳውም ለገዢው ይተላለፋል። መላው ወደ ብዙ ግዛቶች ተዛመተ። ይሁንና ከግብር ጋር የታሰረ ዕዳ እንደ ግብር ጨካኝ ነው። ሻጮች በየበሩ እየዞሩ አቅመ ደካሞችንና አረጋውያንን አስፈረሙ፤ መክፈል ያቃታቸው ቤታቸውን እስከ ማጣት ስጋት ደረሱ። የሎስ አንጀለስ አስተዳደር የመኖሪያ ቤቶቹን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ዘጋው።

«ብድር በምድር» ይላል ያገሬው ሰው። ተረቱ ሰው የሠራውን እዚሁ ምድር ላይ ይከፈለዋል ማለቱ ነው። የበርክሌይ መላ ግን ቃል በቃል ብድርን በምድር ላይ ማሰር ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያም የሚያጓጓ ነው። የገጠር መሬት ተመዝግቧል፤ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ የመሬት ግብር በየዓመቱ ይሰበሰባል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅም በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ለማስያዝ በር ከፍቷል። አንድ የወረዳ ባለሥልጣን «የምድጃውንና የመብራቱን ዕዳ ከመሬት ግብሩ ጋር እንሰብስብ» ቢል ወረቀት ላይ ያምራል።

ነገር ግን ገበሬው ይህን ፊልም አይቶታል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ማዳበሪያ በክልል መንግሥታት ዋስትና በብድር ሲከፋፈል፣ ዕዳውን የሚያስከፍለው የቀበሌ አስተዳደር ነበር። ዝናብ ሲቀር ወይም የእህል ዋጋ ሲወድቅ በሬ ተሽጦ ተከፍሏል። አበዳሪ፣ ሻጭና ቀጪ አንድ ሲሆን ተበዳሪው አቤት የሚልበት አይኖርም። መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ባሏ የሞተባት እናት ለአንድ ምድጃ ብላ የይዞታ ደብተሯን ብታስይዝ፣ በበልግ መቅረት ምክንያት የምታጣው ምድጃውን አይደለም፤ መኖሪያዋን ነው።

ስለዚህ ከበርክሌይ የሚወሰደው ግማሹ ብቻ ነው። በረጅም ጊዜና በመኸር ወቅት መክፈሉ ይወሰድ። በመሬት ላይ ማሰሩ ይቅር። ዋስትናው ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው ነገር ይሁን፦ የሰፈር ሰው ቃልና የጋራ ደንብ። ወረዳው የተወሰነ ገንዘብ በተዘዋዋሪ ፈንድ ያስቀምጥ፤ የጥበቃ ኮሚቴውና እድሩ ለማን እንደሚደርስ ይወስኑ፤ አንዱ ቤት ሲከፍል ለቀጣዩ ይሂድ። በልግ በቀረ ዓመት ክፍያው ይተላለፍ። ምድጃውን የሚሸጠው ሰው የብድሩን ውል አያስፈርም። ዕቃውም ከመከፋፈሉ በፊት በጥቂት ቤቶች ዓመት ሙሉ ይፈተን፤ በዝቅተኛ ምድር ጥሩ የተባለ ሁሉ ለመንዝ ብርድ አይሆንም። ቆርቆሮው ራሱ ምስክር ነው፦ እድገት ተብሎ የጓሳ ሣር ክዳንን ተካ፤ ግን ሙቀት በመያዝ ሣሩን አያህልም፤ ቤቱ በበረደ ቁጥር ማገዶ ይጨምራል።

«መንግሥት በነፃ ይስጥ እንጂ ድሃ ለምን ይበደራል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። እጅግ ለደኸዩት ቤቶች በነፃ መስጠት ይገባል፤ ያንንም ከሰፈሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ለሁሉም በነፃ የሚሰጥ ዕቃ ግን በጀቱ ባለቀ ቀን ያልቃል፤ የሚጠግነውም አይኖርም።

«በዚህ ግጭት መሐል ስለ ምድጃ ብድር?» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት የመንግሥትን መዋቅር በብዙ ቦታ አናግቷል። ይህ ግን ፈንዱን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በእድርና በኮሚቴ ለማቆም ተጨማሪ ምክንያት ነው። ጽሕፈት ቤት በተዘጋበት ቀንም ቀብር ይወጣል፤ እድርም ይሰበሰባል።

ቄሮ መቶ ዓመታትን የተሻገረው ሕዝቡ በፈራው ብቻ አይደለም። ሣሩ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ስለሚደርሰው ነው። የምድጃው ገንዘብም እንዲሁ ከተሰጠ ይከፈላል። እንደ ግብር ከተጣለ ግን በመጨረሻ የሚከፍለው ጓሳ ነው፤ ዕዳ የጠናበት ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ማጭዱን ነውና።