የሌላ ሰው ብዕር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ ሐይቅን፥ ከዚያም በአምባሰል ምድር ውጫሌን ያገኛል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ መጻሕፍትን አሰባስበው ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ ነበር፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የእርሳቸው ወንጌልም እስከ ዘመናችን ቆይቷል። በውጫሌ ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ነጻነት በአንዲት ግሥ ሊያስወስድ የነበረው ውል ተፈረመ። በሐይቅ እኛው ስለ ራሳችን ጻፍን፤ በውጫሌ ግን ሌላው ስለ እኛ ጻፈልን።

«የዘር ንቀት የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ እኛ በባዕድ ያልተገዛን ሕዝብ ነን» የሚሉ ወገኖች አሉ። አነጋገሩ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ታሪክ አይደግፈውም። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣልያ ረዳትነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፥ በኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱ ግዴታ ሆነ። ሮማም ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። የአንድ ነጻ ሕዝብ ቋንቋ የውል ቋንቋ ሆኖ ሳለ እንዳልተጻፈ መቁጠር፥ ይህ ንቀት ካልሆነ ንቀት ምንድን ነው? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአማርኛውን ቃል ይዘው ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦሩ የብዕሩን ክርክር ፈጸመ። ልብ እንበል፤ ከጦሩ በፊት የቀደመው፥ «የእኛ ጽሑፍ እንዲህ ይላል» ብሎ መናገር መቻል ነው።

ንቀቱ ግን በዓድዋ አልሞተም። ፋሺስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ፥ በ1929 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ኢጣልያዊ ከተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ደነገጉበት።

በዚያው ዘመን አንድ የወሎ ተወላጅ በባሕር ማዶ ብዕሩን አነሣ። ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በአሜሪካ ጥቁር ሰው ምን እንደሚደርስበት በዓይኑ አየ፤ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ይህ አይመለከተኝም» ብሎ ግን አልሸሸም። ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ኖረ፤ ከእነርሱም አገባ። በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌደሬሽን እንዲመሠረት አደረገ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውንም ጋዜጣ አሳተመ። በ1932 ዓ.ም. ገና በአርባ ዓመቱ አገሩ ነጻ ሳትወጣ አረፈ። ስቴቶስኮፑ ጥቂት ሕሙማንን ባዳነ ነበር፤ ብዕሩ ግን ውቅያኖስ የለያቸውን ወገኖች አንድ ጉዳይ እንዲኖራቸው አደረገ።

እንግዲህ የውጭውን ንቀት የምንወቅስ እኛ የቤታችንን ንቀት ምን ልንለው ነው? ማረሻውን የሚቀጠቅጥልንን «ጠይብ»፥ ምጣዱን የምትሠራልንን «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን ስናርቅ አልኖርንምን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ አለፈ፥ ስድቡ ግን በብዙ ቦታ ቀረ። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ስንቶቻችን አንብበናል? እነርሱንም ሌላው ጻፈባቸው፤ ውጫሌ በየቀዬአችን አለች ማለት ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፥ የተበደለ ሰው አቤቱታውን ይዞ ሲመጣ ቃሉ እንዳይጣመም በገዛ አነጋገሩ ይመዝገብለት። መምህራን ሆይ፥ ተማሪው የሌላውን ድርሰት ከመገልበጥ ይልቅ በመንደሩ ያየውን ግፍ በገዛ ቃሉ እንዲጽፍ አስለምዱት፤ የአንጥረኛው ልጅም ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ይጻፍ። ተማሪዎችም፥ ፊደል ከሐይቅ ገዳም እስከ እናንተ የደረሰው ለጌጥ አይደለም። ራሱን ያልጻፈ ሕዝብ ሌላው ይጽፈዋል፤ ሌላው የጻፈውን ደግሞ ለመፋቅ ምን ያህል ደም እንደሚያስፈልግ ዓድዋ ትመስክር።