የአምባሳደሩ የሱረት ሳጥን

ሱረት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የቤተ መንግሥት ድግስ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ግን ይህ የደቀቀ ትምባሆ የመኳንንቱና የወይዛዝርቱ ሱስ ነበር። መያዣው ደግሞ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ የወርቅ ሳጥን ናት። ክዳኗ ካልገጠመ ዱቄቱ ይደርቃል፣ ኪስም ያቆሽሻል፤ ስለዚህ የፓሪስ አንጥረኞች ማጠፊያዋን ዓይን እስከማያየው ድረስ አጥብበው ይሠሩ ነበር። በላይዋ አልማዝ ይፈሰስባታል፤ አንዳንዴም የንጉሡ መልክ ይሳልባታል።

እኔን የገረመኝ ግን ከውበቷ ይልቅ አገልግሎቷ ነው። አንድ ንጉሥ ውል ለተፈራረመው የውጭ አምባሳደር ገንዘብ በከረጢት ቢሰጥ ነውር ነው፤ ጉቦ ይመስላል። የወርቅ ሳጥን ሲሰጠው ግን ክብር ነው፤ ዋጋዋም እንደ ተቀባዩ ማዕረግ ከፍ ዝቅ ይላል። ታዲያ አምባሳደሩ ስንቷን ሳጥን ኪሱ ይክተት? ብዙዎቹ ወደ ጌጣጌጥ ነጋዴው ይመልሷትና ጥሬ ገንዘባቸውን ይቀበሉ ነበር። ነጋዴውም ያችኑ ሳጥን መልሶ ለቤተ መንግሥት ይሸጣል፤ እሷም ለሌላ እንግዳ ትሰጣለች። በሠርግ የመጣላችሁን የብርጭቆ ስብስብ ካርቶኑን ሳትፈቱ ወደ ሌላ ሠርግ የላካችሁ አንባቢዎቼ፣ አትሣቁ! እዚያ እኮ ሰጪውም ያውቃል፤ የሚቀየም የለም። ወጪው ግን ቀላል አልነበረም፤ የእንግሊዙ ጆርጅ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1821 ዘውድ ሲጭን ለውጭ መልእክተኞች ለተሰጡት ሳጥኖች ብቻ ከ8 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፍሏል።

ሳጥኗን ለራሷ የወደዳትም ነበር። የፕሩሲያው ታላቁ ፍሬድሪክ ኪሱ ያለ ሱረት አይውልም፤ ሳጥኖችንም ይሰበስብ ነበር። የበርሊን አንጥረኞች እንዲያድጉለት ብሎ ከፈረንሳይ የሚመጡት እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1759 በኩነርስዶርፍ ጦር ሜዳ የተተኮሰበት ጥይት በኪሱ ባለች የወርቅ ሳጥን ተመልሶ ነፍሱ እንደተረፈች ይነገራል። ጦርነቱን ግን ክፉኛ ተሸንፏል።

ከሳጥኖቹ ብዙዎቹ ፋሽኑ ሲያልፍ ቀልጠዋል። የቀሩት ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ናቸው፤ እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ በሰላም አላደሩም። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ አገር ዋድስደን ማነር ከሚባለው ቤት ጭንብል ያጠለቁ ሌቦች መቶ ያህሉን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭነው ሄደዋል።