ወርቁ ለባንክ፣ ባዜቃው ለማሕፀን!

መንግሥታችን ሚዛን ያውቃል። ለዚያውም እንዴት አድርጎ! አሶሳ ላይ አንዲት ግራም ወርቅ ለሽያጭ ስትቀርብ ንጥረቷ ይለካል፣ ክብደቷ ይመዘናል፣ ትመዘገባለች፣ ለብሔራዊ ባንክ ገቢ ትሆናለች። ዓመቱ ሲያልቅ በኪሎ፣ ከዚያም በኩንታል ተደምራ በቴሌቪዥን ትነገረናለች። ጭብጨባ ነው፣ ዲስኩር ነው፣ «ከዕቅድ በላይ» ነው። ያችን ግራም ከአሸዋው ለመለየት ስንት መርዝ መሬት ላይ እንደ ፈሰሰ፣ ስንቱስ ተንኖ በእናቶች ሳንባ እንደ ገባ የሚመዝነው ሚዛን ግን የት ነው ያለው?

መርዙ ሜርኩሪ ይባላል፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ነው። የአሶሳ፣ የመንጌ፣ የሸርቆሌና የኩርሙክ ሰው ወርቅ ማውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። የግብጹ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ልጁን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ የዚህ አገር ወርቅ ነበር። ሼህ ሆጀሌ ለአፄ ምኒልክ የገበሩትም ይህንኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የበርታ ሴቶች ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ያጠቡት በገበቴ፣ በጉልበትና በውኃ ነበር። ባዜቃው የተስፋፋው በቅርቡ የወርቅ ግርግር ነው፤ ከሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ እንደሚገባም ለማንም ምስጢር አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ክፋቱም እሱ ነው። ባዜቃው አሸዋው ላይ ጠብ ይደረጋል፤ የወርቁን ብናኝ ለቅሞ ይይዛል። በጨርቅ ይጨመቃል። የቀረችው ድብልቅ በብረት ዕቃ ተደርጋ እሳት ላይ ትጣዳለች፤ ባዜቃው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። እንግዲህ ነገሩ ያለው «ይተናል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ተንኖ የት ይሄዳል? ገሚሱ እሳቱን የሚያራግበው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ደም፣ ከዚያ አንጎልና ኩላሊት። ሴቲቱ እርጉዝ ከሆነች የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ገሚሱ ደግሞ ቀዝቅዞ መሬትና ወንዝ ላይ ይወድቃል። ውኃ ውስጥ ተህዋስያን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ይለውጡታል፤ እሱ ዓሣ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዓሣውን ሰው ይበላል። ማጀት ውስጥ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ወጥ በሚሠራበት ምድጃ ማቃጠል ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

በየሻይ ቤቱ «ሜርኩሪ ካንሰር ነው» ሲባል ይሰማል። እዚህ ላይ ነገር ማጋነን አያስፈልግም፤ ያለው ይበቃናል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ሜቲል ሜርኩሪን የመደበው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር ነው፤ ተራውን ሜርኩሪ በዚህ ወንጀል አልከሰሰውም። በጽንስና በሕፃን አንጎል ላይ የሚያደርሰው ግን ክርክር የለበትም። ከወርቅ ድንጋይ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኘው አርሰኒክ ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት ጎራ ነው። ድንጋዩ ሲፈጭ አቧራው ሲቦን ማን ምን ይተነፍሳል? ማን ጠየቀ?

ጃፓኖች ይህን ትምህርት በልጆቻቸው ከፍለው ተምረውታል። ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ይደፋ ነበር። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ አንጎላቸውና ሰውነታቸው የተጎዳ ልጆች የወለዱ እናቶች ነበሩ። መንግሥት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን ያመነው በ1968 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! የኢንዱስትሪው ገቢ እንዳይጓደል አሥራ ሁለት ዓመት ዓይን ተጨፈነ። የኛዎቹስ ስንት ዓመት ሊጨፍኑ አስበው ይሆን?

በከተማይቱ ስም የተሰየመው የሚናማታ ስምምነት ለፊርማ ሲቀርብ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013፣ ኢትዮጵያም ፈርማለች። ፊርማ ላይ እኮ ማን ይቀድመናል! ስምምነቱ ድብልቁን ገላልጦ ማቃጠል እንዲቀር፣ መኖሪያ ቤት አካባቢ ማቃጠል እንዲቀር፣ ሕፃናትና በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች እንዲጠበቁ ይላል። አዋጅም አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። ወረቀት ባዜቃን ቢያስቆም ኖሮ አሶሳ ከጃፓን ትቀድም ነበር።

«ታዲያ ይከልከል!» የሚሉ አሉ። ጎረቤታችን ሱዳን ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ከጮኸ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሜርኩሪንና ሲያናይድን ለወርቅ ሥራ መጠቀም ከልክላ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ባዜቃው ያንኑ ድንበር መሻገሩን ቀጠለ። ፖሊስ ልኮ የአንዲት ምስኪን ብልቃጥ መንጠቅም ቁጥጥር አይባልም፤ እሷ በማግሥቱ ሌላ ትገዛለች፣ ነጋዴው ዋጋ ይጨምርባታል፣ ፖሊሱም… ይቅር፣ እሱን አንባቢ ያውቀዋል።

ነገሩ የሚፈታው ባንኩ መስኮት ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቁ በኮንትሮባንድ እንዳይወጣበት ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ጭማሪ የከፈለባቸው ዓመታት ነበሩ። ለግራሙ ጭማሪ የሚከፍል መንግሥት ያለ ባዜቃ በገበቴ ለታጠበ ወርቅ ጥቂት ብር መጨመር ያቅተዋል? ወርቅ አቅራቢ ማኅበራትን «በምን አወጣችሁት? የት አቃጠላችሁት?» ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል? እንፋሎቱን የሚይዝ ክዳንና ቱቦ ያለው የብረት ዕቃ አለ፤ ያመለጠውን ባዜቃ መልሶ ያጠራቅማል፣ ለሠራተኛውም ወጪ ይቆጥባል። ብየዳ የሚችል ባለሙያ ሥዕሉ ከተሰጠው አሶሳ ውስጥ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር የገንዘብ እጥረት ነው ቢሉኝ አልሰማም። ፍላጎት የለም!

ፍላጎት እንደሌለ የምናውቀው ከለገደንቢ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት የጉጂ ሕዝብ ተነሣ፤ የወርቅ ማውጫው ፍሳሽ ልጆቻችን ጎድለው እንዲወለዱ እያደረገብን ነው፣ ከብቶቻችን ያስወርዳሉ ብሎ ጮኸ። ማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ጥናት ተካሄደ። ማውጫው በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ ሥራ ጀመረ፤ የጥናቱ ሙሉ ውጤት ግን ልጆቹን ለወለዱት እናቶች አልተነበበላቸውም። ማን አጠፋ፣ ማን ነፃ ነው? ይህን የሚመልሰው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነው። ኩርሙክ ላይ ደግሞ ትልቁ የወርቅ ፕሮጀክት መጥቷል። እንዲህ ያሉ ማውጫዎች ወርቁን ከድንጋዩ የሚለዩት በሲያናይድ ነው። የኩርሙክ ሰው የለገደንቢን ወረቀት ሳያነብ ምን ብሎ ይተማመን?

ድሮም ልማዳችን ነው። ዲዲቲ በወባ ስም በቆላው አገር ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ ከዚያ አልፎ ጫት ላይ ሁሉ ተረጭቷል። የቤት ርጭቱ የቀረው እ.ኤ.አ. 2009 እና 2010 ገደማ ነው። ለሰው ታዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ትንኟ ስለለመደችው ነው! እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዲቲ ካንሰር ሊያመጣ የመቻሉ ነገር ሚዛን የደፋ ነው ተብሎ ተመደበ። የረጩትን ሠራተኞች ጤና የጠየቀ አለ?

አሁን ደግሞ ዓሣ መጥቷል። ዳቡስ የሚፈሰው ዓባይ ውስጥ ነው፤ ዓባይ ደግሞ ጉባ ላይ ተገድቦ ንጋት ሐይቅ ሆኗል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሁላችንም ካለችን ላይ ያዋጣንበት ነውና ደስታው የሁላችን ነው። በዓለም ላይ እንደታየው ግን አዲስ ግድብ ደንና ሣር ሲያጥለቀልቅ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ዓሣው ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪ ይጨምራል። ካናዳዎች ይህን ደርሰውበት ለዓሣ በሊታው «ከዚህኛው ዓይነት በወር ይህን ያህል ብቻ ብሉ» እያሉ መመሪያ ያወጣሉ። የኛ ሹሞች ሐይቁ ላይ ዓሣ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ! ዓሣውን መብላት አይከፋም፤ መርምሮ መብላት ነው እንጂ።

ክቡራን የማዕድንና የጤና ሚኒስትሮች፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም! የለገደንቢው ጥናት ይታተም፤ በኦሮምኛና በአማርኛ። የንጋት ሐይቅ ዓሣ በየወቅቱ ይመርመር፣ ቁጥሩ ወደብና ገበያ ላይ ይለጠፍ። ወርቅ በሚታጠብባቸው ወረዳዎች ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የምትመጣ ሴት ሽንቷ ለፕሮቲንና ለስኳር እንደሚታየው ሁሉ ለባዜቃም ይታይላት፤ ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ካለበት ይጓዝ። ወርቁ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በጥበቃ እየታጀበ ይመጣ የለም እንዴ?