«ቢፎር ቱ ይርስ» ያለ ልጅ ላይ አንሳቅ

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተነስቶ «አይ ኬም ሂር ቢፎር ቱ ይርስ» ሲል ጓደኞቹ ይስቃሉ። አንዳንዴ መምህሩም አብሮ ይስቃል። ልጁ ይቀመጣል፣ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እስቲ ልጁ ምን አድርጎ ነው? «ከሁለት ዓመት በፊት መጣሁ» የሚለውን ንጹህ አማርኛ ነው የተረጎመው። «በፊት» ማለት «ቢፎር» ነው ተብሎ ተምሯል፣ መዝገበ ቃላቱም የሚለው ይሄንኑ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከአሁን ወደ ኋላ ሲቆጥር «አጎ» ይላል፤ «ቱ ይርስ አጎ»። «ቢፎር»ን የሚፈልገው «ከፈተናው በፊት»፣ «ከሰርጉ በፊት» ስንል ነው። የኛ «በፊት» ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ይሄን ማንም ስላልነገረው ነው ልጁ የተሳቀበት።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ጊዜ ሲገልጹ የሚስቱት አብዛኛው ነገር ከአማርኛችን የመጣ ነው። ስለዚህ ትምህርቱም ከአማርኛ ነው መጀመር ያለበት።

ምሳሌ ልስጥ።

1. «እስከ ዓርብ አስገቡ» እና «እስከ ዓርብ እቆያለሁ» እንላለን። ለኛ ሁለቱም «እስከ» ነው። ለእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ባይ ፍራይደይ» ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ቀነ ገደብ ነው። ሁለተኛው «አንቲል ፍራይደይ» ነው፣ ምክንያቱም ድርጊቱ እስከዚያ ድረስ ይቀጥላል።

2. «ትናንት መጥቻለሁ» ብንል አማርኛው ምንም አይለንም። «አይ ሃቭ ካም የስተርደይ» ግን አይሆንም። እንግሊዝኛ «ትናንት»፣ «አምና» ብለህ ያለቀውን ጊዜ ከጠራህ «አይ ኬም» እንድትል ያስገድድሃል።

3. «ከሦስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» የሚለው «አይ ወርክ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» ይሆንብናል። «ሲንስ» የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ «ሲንስ ሰንደይ»፣ «ሲንስ 2022»። ርዝመቱን ስንናገር «ፎር» ነው። ግሱም መቀየር አለበት፤ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ»።

4. «ከሁለት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ» ሲሏችሁ ምን ትረዳላችሁ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ወይስ ከአሁን ሁለት ሰዓት ቆይቶ? እኛ ከሁኔታው እንረዳዋለን። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «አፍተር ኤይት» ነው፣ ሁለተኛው «ኢን ቱ አወርስ»። አፉ ላይ የሚመጣለት ግን «አፍተር ቱ አወርስ» ነው።

ይሄ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባልጻፍኩ። እኛ ያለነው ቂርቆስ ነው። የኢሲኤ ግቢ፣ ሆቴሎቹ፣ የውጭ ድርጅት ቢሮዎቹ አፍንጫችን ሥር ናቸው። የሠፈር ልጅ እዚያ ሥራ ሲያመለክት መጀመሪያ የሚያገናኘው ጊዜ ነው፤ መቼ ተመረቅሽ፣ ስንት ዓመት ሠራህ፣ በስንት ሰዓት ትመጣለህ።

ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ለቃለ መጠይቅ በስልክ «ኤይት ኦክሎክ» ተባለች። በኛ ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ አምራ ለብሳ ደረሰች። የተጠራችው ለጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ማንም ቆሞ አልጠበቃትም።

ሌላው ደግሞ ሲቪው ላይ «ግራጁዌትድ ኢን 2010» ብሎ ይጽፋል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ በፈረንጅ 2018 ነው የተመረቀው። ቀጣሪው ስምንት ዓመት ጨምሮ ያነበዋል፣ ከዚያ «ይሄ ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?» ይለዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፣ በነሱ ሜይ 25 ቀን 1963። ሁለቱም ልክ ነው፣ ቀኑም አንድ ቀን ነው። ልጆቻችን እንደዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርን መማር አለባቸው። የአውሮፕላን ትኬት ላይም ያው ነው። «ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት» የምንለው በረራ በነሱ ረቡዕ 1 ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም የነሱ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው።

አሁን አንዳንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ከገባ ልጁ አይለምድም።» አማርኛ ያወራ ተማሪ የሚቀጣበት ትምህርት ቤትም አለ። ስጋቱ ይገባኛል፣ ልጁ ካልተናገረ አይለምድም። ግን አማርኛውን ከአፉ ብንከለክለው ከጭንቅላቱ አይወጣም። ዝም ብሎ እየተረጎመ ነው። እኛ ከከለከልነው ብቻውን ይተረጉማል፣ ብቻውንም ይስታል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ፤ ከአሁን ወደ ኋላ ነው የምንቆጥረው? መነሻው ነው ርዝመቱ? ቀነ ገደብ ነው ቆይታ? ጊዜው አልቋል ወይስ እስካሁን ይቀጥላል? ተማሪዎቹ መልሱን ያውቁታል፣ ምክንያቱም ቋንቋው የራሳቸው ነው። እንግሊዝኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስር ደቂቃ አማርኛ፣ የቀረው ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ እንግሊዝኛ። «ሲንስ ፕላስ ፖይንት፣ ፎር ፕላስ ፒሪየድ» እያሉ ከመሸምደድ ይሄ ይሻላል ነው የምለው።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥም ይቻላል። ልጃችሁን «አሁን በፈረንጅ ስንት ሰዓት ነው? ዛሬ በፈረንጅ ስንት ነው?» በሉት። በየቀኑ አንዴ ይበቃል።

መምህራን ጓደኞቼ፣ እናንተስ ክፍል ውስጥ የትኛው ነው የሚያስቸግራችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰብስቤ ለተማሪዎቼ አወርደዋለሁ። ሥራ እያመለከተ ያለ ታናሽ ወንድም ወይ እህት ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ሳምንት!