ማይኩ ሲደርሰን ውሳኔው አልቋል

ስብሰባ መሄድ ትወዳላችሁ? እኛም አንወድም።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ስብሰባው ለሁለት ሰዓት ይጠራል፣ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። የመድረኩ መሪ «የዛሬው ውይይታችን» ብሎ ይነሳና አንድ ሰዓት ተኩል ብቻውን ይወያያል። ከዚያ «ያለን ጊዜ አጭር ስለሆነ ከወንዶች ሦስት፣ ከሴቶች ሁለት እንቀበል» ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መድረኩን ላዘጋጀው አካል ምስጋና አቅርበው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄያቸው ምን እንደነበር እነሱም አያውቁትም። አራተኛዋ ስለ ውሃ ትጠይቃለች። አምስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ወደ ነገሩ ሊገቡ ሲሉ «አባባ፣ ቢያሳጥሩልን» ይባላሉ። በመጨረሻ «የተነሱትን ጥያቄዎች ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» ተብሎ ይጨበጨባል። ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት «ነዋሪዎቹ ሰፊ ውይይት አድርገው የጋራ መግባባት ላይ ደረሱ» ይለናል።

ሳቃችሁ? ሳቁ። ግን «ሰፊ ውይይት» የምትባለዋ ነገር አዲስ አበባን ከበው በተቀመጡት ከተሞች፣ በለገጣፎ ለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ስንት ማሳና ስንት ቤት እንዳስከፈለች ስታስቡ ሳቁ ይቆማል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ነገራችን አጭር ነው፦ ችግራችን ማይክ አለማግኘታችን አይደለም። ማይኩ ይሰጠናል። የሚሰጠን ግን ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ከገበሬው እንጀምር። በ2006 ዓ.ም አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ የሚያቅደው ማስተር ፕላን ለሕዝብ ሲነገር፣ ባለሙያዎቹ ካርታውን ሠርተው ጨርሰዋል። ገበሬው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ መሬቴ ምን ሊሆን ነው? ይህን ጥያቄ ካርታው ከመሳሉ በፊት የሚያነሳበት መድረክ አልነበረውም። በሚያዝያ 2006 ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በኅዳር 2008 ተቃውሞው ብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎችን አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በጥር 2008 ፕላኑ ቀረ ተባለ። አዳራሽ ውስጥ ቦታ ያጣ ቃል መንገድ ላይ ወጣ፤ መንገድ ላይ ደግሞ መልሱ ጥይት ሆነ። በአዳራሽ ውስጥ በሁለት ቀን ጭቅጭቅ ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር!

አሁን ደግሞ ወደ ቤት ሠሪው እንሂድ። በየካቲት 2011 የለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶች ማፍረስ ጀመረ። ለመፍረስ የታቀዱት ከ12 ሺህ በላይ መሆናቸው በወቅቱ ተዘገበ። አስተዳደሩ ቤቶቹ ያለ ፈቃድና ለሌላ አገልግሎት በተከለለ መሬት ላይ የተሠሩ ናቸው፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቷል አለ። ነዋሪዎቹ ደግሞ ዓመታት መኖራቸውን፣ ግብር መክፈላቸውን፣ መብራትና ውሃ መግባቱን እየጠቀሱ፣ ሕገ ወጥ ከሆንን ይህን ሁሉ ማን ፈቀደልን ብለው ጠየቁ።

ማን ሕጋዊ ነበር፣ ማን አልነበረም የሚለውን እዚህ አንዳኝም። የምንለው ይህ ጥያቄ ዶዘር ፊት ቆሞ የሚጠየቅ አልነበረም ነው። ልብ በሉ፣ ማስጠንቀቂያና ውይይት አንድ አይደሉም። በማስጠንቀቂያ የምትሰማው አንተ ነህ። በውይይት የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ከዚያ 2015 መጣ። እነዚህ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ። የቤት ማፍረሱም በስፋት ቀጠለ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የፈረሱት ከ100 ሺህ በላይ መሆናቸውን በዚያው ዓመት ገለጸ። መስጊዶችም ፈረሱ፤ በግንቦት 2015 ያ ተቃውሞ አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ደረሰ፤ የሰው ሕይወትም አለፈ። እንደገና መንገድ፣ እንደገና ጥይት።

የሚያሳዝነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ገበሬውንና ቤት ሠሪውን ጠላት አድርገን እንድናያቸው ተለማምደናል። አንዱ «መሬቴን የወሰዱ»፣ ሌላው «ቤቴን ያፈረሱ» እያለ ይተያያል። ግን ታሪኩን ቀጥሉት። ብዙ ገበሬ ነገ በትንሽ ካሳ ይወሰድብኛል ብሎ ስለፈራ መሬቱን ቆራርሶ ሸጠ። ብዙ ደመወዝተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ኪራዩ ስላንገበገበው ያንን መሬት በውል ገዛ። ሁለቱም መንግሥት ምን እንዳሰበ የሚሰሙት በወሬ ነበር። ሁለቱንም ያገናኛቸው ደላላ እንጂ አዳራሽ አይደለም። ቀድሞ የሚናገሩበት አንድ መድረክ ቢኖር ኖሮ፣ ምናልባት አንዱ ባልሸጠ፣ ሌላው ባልገዛ ነበር።

«ሕጉ መናገርን ይከለክላል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አይከለክልም! ወረቀቱማ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ ይገባል ይላል። በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያዩ አዘዘ። ሸጋ ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ ዓመት መብት ሕጋዊ ባለይዞታ ለተባለ ሰው ነው። ሕገ ወጥ የተባለውስ? ሕገ ወጥ መሆን አለመሆኑንስ ማን ፊት ቀርቦ ይናገር? እዚህ ላይ ወረቀቱ ዝም ይላል፤ ዶዘሩ ይናገራል።

የአካባቢ ምክር ቤቶች አሉልን እንዳትሉን። በ2005 የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በ2010 ሊደገም ይገባው ነበር፤ ተራዘመ። የመረጥነው ተወካይ ዘመኑ አልፎበት ሳለ በእሱ በኩል ተናገሩ ማለት በተዘጋ ሱቅ በር ላይ ተሰለፉ ማለት ነው። ስለዚህ ያ አሰልቺ ስብሰባ ለብዙ ነዋሪ ብቸኛው በር ሆኗል።

ደግሞ መናገር ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ጉባኤውን በኦዳ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ኖሯል፤ የክልሉ ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ የሚባለው በዚያ ስም ነው። በሌላውም አገር ሸንጎ ነበር፣ አውጫጭኝ ነበር። ቀበሌ ግን የተወለደው በ1967 በአዋጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ስብሰባ መቅረት ያስጠይቅ እንደነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። መገኘት ግዴታ፣ መናገር አደጋ። ከዚያ ወዲህ ግዴታው ቀለል አለ፤ ፍርሃቱ ግን ውርስ ሆኖ ቀረ። «ስሜን መዝግበው ነገ መታወቂያ ሳሳድስ ቢያንገላቱኝስ?» የሚል ሰው ስንቱን ጥያቄ እንደዋጠ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሁለት ተቃውሞ ሁሌ ይገጥመናል። አንዱ «ሁሉ ሰው ከተናገረ ሥራ አይሠራም» የሚል ነው። እሺ፣ ካሊፎርኒያን እንመልከት። እዚያ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራውን ሕግ የሚባል አለ። የከተማ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ነዋሪውም በአጀንዳው ላይ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ይናገራል። ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰኑ ደቂቃዎች ይሰጣሉ፣ ያበቃል። ከተሞቹ አልቆሙም።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ብቻ ይወስን ነው የምትሉት?» የሚል ነው። አይደለም። ለዚህ ደቡብ አፍሪካ ጥሩ ምስክር ናት። ማታቲየሌ የምትባል አካባቢ ከክዋዙሉ ናታል ወደ ምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር እንድትዛወር ተወሰነ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። በ2006 እ.ኤ.አ. የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የክዋዙሉ ናታል ምክር ቤት ሕዝቡን ሳይሰማ ስላጸደቀ ዝውውሩ አይጸናም አለ። ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር እኮ! ምክር ቤቱ በኋላ ሕዝቡን ሰማ፤ አካባቢዋም በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ ኬፕ ሄደች። ነዋሪው አላሸነፈም፤ ግን ተሰማ። የመናገር መብት የማሸነፍ መብት አይደለም። የእኛንም አስቡት፦ በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን ሲያስታውቁ፣ ወሰኑ በደጃፉ የሚያልፍበት ነዋሪ ማደሪያው ወደየት እንደሆነ እንደ ማንኛችንም ከዜና ነው የሰማው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነው የምንለው? ብዙ አይደለም። አጀንዳው ከስብሰባው ቀናት በፊት ይለጠፍ፤ ቤትና መሬት የሚነካ ከሆነ ካርታው አብሮ ይለጠፍ። ነዋሪው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ይናገር፤ ተናጋሪውን የመድረኩ መሪ አይምረጥ፣ ተራ ይያዝ። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይግባ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀን የተቆረጠለት የጽሑፍ መልስ ይሰጥ። ስብሰባው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይተርጎም፤ ቋንቋው ያልገባው ገበሬም ሆነ ቤት ሠሪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ውጭ እንዳለ ነው። ነዋሪ ሳይሰማ የተላለፈ ውሳኔ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚሻርበት መንገድ ይኑር። ያለዚህ የመጨረሻው፣ የቀሩት ሁሉ ምክር ናቸው።

የእኛም ድርሻ አለ። ስብሰባ አሰልቺ ነው ብለን ስንቀር ወንበሩ ባዶ አይቆይም፤ አመስጋኞቹ ይቀመጡበታል። እንሂድ። ስንናገር «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ» እንበል። ቃለ ጉባኤውን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሲወጣ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንግጓል። ብቻችንን ከፈራን አምስት ሆነን እንጠይቅ፤ የአምስት ሰው ስም ለመዝጋቢውም ያስቸግረዋል።

አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ደጃዝማችነት አልጠየቅንም። ማሳው ከመለካቱ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት አምስት ደቂቃ ነው የጠየቅነው።